ሎትሬክና የትርዒት ወዳጆቹ

ተማሪዎች፣ ሰው ራሱ ሊሠራው የማይችለውን ነገር ወዳጆቹ አሳምረው ሲሠሩት ቢያይ ከሁለት ስሜቶች አንዱ ሊያድርበት ይችላል። አንደኛው ቅናት ነው፤ ሁለተኛው አድናቆት ነው። ቀጥሎ የምታነቡት አድናቆትን የመረጠ የአንድ ፈረንሳዊ ሠዓሊ የሕይወት ታሪክ ነው።

አንሪ ደ ቱሉዝ ሎትሬክ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 24 ቀን 1864 በደቡብ ፈረንሳይ በምትገኘው በአልቢ ከተማ ከመሳፍንት ቤተ ሰብ ተወለደ። አባቱ አደንና ፈረስ ግልቢያ አብዝቶ የሚወድ ሰው ስለ ነበረ፣ ልጁም የእርሱን ፈለግ ይከተላል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ነገር ግን አባትና እናቱ የእኅትማማች ልጆች ነበሩና፣ ሐኪሞች በኋላ እንደ ገመቱት፣ ልጁ አጥንትን የሚያደክም በሽታ ወርሶ ነበር። በ1878 የግራ ጭኑ አጥንት ተሰበረ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የቀኙ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ የላይኛው አካሉ እንደ ማንኛውም ጎልማሳ ሲያድግ እግሮቹ ማደጋቸውን አቆሙ። ቁመቱም ከአንድ ሜትር ተኩል ብዙ ሳይበልጥ ቀረ። ለመራመድ እንኳ ከዘራ መያዝ አስፈለገው።

አልጋ ላይ በዋለባቸው ረጅም ወራት መጽናኛው እርሳስና ቀለም ሆነ። የአባቱ ወዳጅ የነበረው ረኔ ፕረንስቶ መስማት የተሳነው፣ ፈረሶችን በመሣል የታወቀ ሠዓሊ ነበር። ይህ ሰው ሥዕል ከማስተማሩም በላይ ልጁን በፓሪስ ወደ ነበረው ወደ ፈርናንዶ ሰርከስ ይወስደው ጀመር። እስቲ ሁለቱን በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቷቸው፤ አንዱ የማይሰማ፣ ሌላው በወጉ የማይራመድ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በፊታቸው ፈረሶች በክቡ ሜዳ ዙሪያ ይጋልባሉ፤ ልጃገረዶች በፈረሶቹ ጀርባ ላይ ቆመው ይዘላሉ፤ ቀልደኞች ይገለባበጣሉ። ሎትሬክ ያጣው ፍጥነትና ቅልጥፍና ሁሉ በዚያ ሜዳ ላይ ነበረ። እርሱ ግን አልተከዘም፤ ያየውን ሁሉ በወረቀት ላይ ማስቀረትን ተማረ። በ1887 እና በ1888 መካከል የሣላት የፈርናንዶ ሰርከስ ፈረስ ጋላቢ፣ ሙላን ሩዥ የተባለው የጭፈራ ቤት በ1889 ሲከፈት በመግቢያው ላይ ተሰቀለች።

ሎትሬክ ሞንማርትር በሚባለው የፓሪስ ሰፈር ይኖር ስለ ነበር፣ ዘፋኞቹና ተወዛዋዦቹ ጎረቤቶቹ፣ ውለው አድረውም ወዳጆቹ ሆኑ። ማታ ማታ ከመድረኩ አጠገብ ተቀምጦ አንዷ እግሯን እንዴት እንደምታነሣ፣ ሌላው ቀና ብሎ እንዴት እንደሚያዜም እያየ ይነድፍ ነበር። በ1891 ለሙላን ሩዥ የሠራው ፖስተር በፓሪስ ግድግዳዎች ላይ ሲለጠፍ ስሙ በአንድ ጊዜ ታወቀ። በልጅነቷ በነርቭ ሕመም ሆስፒታል ገብታ የነበረችው ዣን አቭሪል በውዝዋዜዋ ብርታት ሰጥታዋለች፤ እርሱም ስሟን በፖስተሮቹ አስጠርቷል። ዘፋኙ አሪስቲድ ብሩዋንም ውለታውን አልረሳም። በ1892 አንድ የትርዒት ቤት ኃላፊ ሎትሬክ የሠራውን ፖስተር አልወድም ባለ ጊዜ፣ ብሩዋን ፖስተሩ ካልተለጠፈ መድረክ ላይ አልወጣም አለ፤ ፖስተሩም ተለጠፈ።

ሆኖም የሌሊቱ ኑሮ ጉዳትም ነበረው። ሎትሬክ የመጠጥ ምርኮኛ ሆነ። በ1899 መጀመሪያ አእምሮው ስለ ታወከ በፓሪስ አጠገብ በኔዪ ወደሚገኝ የአእምሮ ሕመምተኞች ማረፊያ አስገቡት። በሩ ተዘጋበት። ጤነኛ መሆኑን ካላሳየ እንደማይለቁት ተረዳ። በዚህ ጊዜ ምን ያደረገ ይመስላችኋል? ወረቀትና ቀለም አስመጣና በልጅነቱ ከፕረንስቶ ጋር፣ በኋላም ብቻውን ያየውን ሰርከስ ከትዝታው መሣል ጀመረ። ጋላቢዎቹ፣ ቀልደኞቹ፣ በገመድ ላይ የሚሄዱት፣ የሠለጠኑት እንስሳት አንድ በአንድ ተመለሱለት። በፊቱ አንድም ፈረስ ሳይኖር 39 ሥዕሎች ሠራ። የተመልካቾቹ መቀመጫዎች በአብዛኞቹ ሥዕሎች ላይ ባዶ ናቸው፤ የዚያ ትርዒት ተመልካች እርሱ ብቻ ነበርና። ሥዕሎቹ አእምሮውና እጁ እንዳልከዱት መሰከሩለት። በዚያው ዓመት በሜይ ወር ተለቀቀ።

የሚያሳዝነው ወደ መጠጡ መመለሱ ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 9 ቀን 1901፣ ገና 36 ዓመቱ ሳለ፣ በእናቱ ርስት በማልሮሜ ዐረፈ። እናቱና ወዳጁ ሞሪስ ዧያን ሥራዎቹን ለትውልድ ከተማው አበረከቱ፤ በስሙ የሚጠራውም ሙዚየም በ1922 በአልቢ ተከፈተ።

እንግዲህ ተማሪዎች፣ እነዚያ ዘፋኞችና ተወዛዋዦች የሚያሳዩት ትርዒት ሌሊቱ ሲነጋ ያልቅ እንደ ነበር ልብ በሉ። እስከ ዛሬ የምናውቃቸው፣ መጨፈር ያልቻለ አንድ ወዳጃቸው በፍቅር ስለ ተመለከታቸው ነው። እርሱንም በጨለማው ቀን የታደገው ያ በፍቅር ያየው ትርዒት ነበር።

መልመጃ

1. ሎትሬክ የሰርከስ ሥዕሎቹን ከትዝታው መሣሉ ለምን ጠቀመው?
2. ከምንባቡ ውስጥ በ«ስለ» የተመሠረቱ ሦስት ምክንያት አመልካች ሐረጎችን አውጡ።
3. አንድ ጓደኛችሁ ሲዘፍን፣ ሲጫወት ወይም ስፖርት ሲሠራ አይታችሁ ለሥራ የተነሣሣችሁበትን ጊዜ በሦስት አንቀጽ ጻፉ።