ቧሂትን በሣር ስም ያስጠራው ሺምፐር

ጀርመናዊው የዕፀዋት ሰብሳቢ ቪልሄልም ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1804 ተወልዶ በ1837 አገራችን ገባ። የደጃዝማች ውቤ ወዳጅ ሆነ፤ እዚሁ አግብቶ እንጢጮን እስከ ማስተዳደር ደረሰ። በ1855 ውቤ ደረስጌ ላይ ሲሸነፉ ሹመቱ ቀረበት፤ ዕፀዋት መልቀሙን ግን አልተወም። በ1878 ዓድዋ ላይ ሞተ።

ከስሜን ለቅሞ ወደ አውሮፓ ከላካቸው አንዱ የረግረግ ሣር በቧሂት ተራራ ስም ጁንከስ ባኪቲ ተብሏል። ሲያዩት ቄጠማ ይመስላል። አገዳውን በጣት ማሽከርከር ነው እንግዲህ፦ የቄጠማ ባለ ሦስት ጠርዝ ነው፣ የዚህኛው ክብ ነው። የደባርቅና የዳባት ልጆች ቧሂትን ያውቁታል፤ ስሙን የያዘውን ሣር ረግረጉ ድረስ ወስደን ማሳየቱ የኛ የነገዎቹ መምህራን ድርሻ ነው።