ጄኮብ ቤልና የመድኃኒት ሻጮች ሕግ

በ19ኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ በእንግሊዝ አገር ኦፒየም ለመግዛት የፈለገ ሰው የሐኪም ማዘዣ ቀርቶ ለምን እንደፈለገው እንኳ የሚጠይቀው አልነበረም። ላውዳነም የሚባለው በአልኮል የተበጠበጠ ኦፒየም በመድኃኒት ቤት ብቻ ሳይሆን በየሸቀጣሸቀጡ መደብር፣ ከሻይ ቅጠልና ከሳሙና ጎን ተደርድሮ ይሸጥ ነበር። ፋብሪካ የሚውሉ እናቶች ሕፃናት እንዳያለቅሱ የጎድፍሬይ ኮርዲያል የተባለውን ጣፋጭ ሽሮፕ ያጠጧቸው ነበር፤ በውስጡ ያለው ግን ኦፒየም ስለ ነበር ከተኙት መካከል ሳይነቁ የቀሩ ጥቂቶች አልነበሩም። አርሴኒክም የአይጥ መርዝ ነው እየተባለ በጥቂት ፔኒ ይገኝ ነበር።

ጄኮብ ቤል ማርች 5 ቀን 1810 ለንደን ውስጥ ሲወለድ (እዚህ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አባቱ ጆን ቤል በ1798 በኦክስፎርድ ጎዳና የከፈተው መድኃኒት ቤት ስመ ጥር ነበር። ቤተ ሰቡ ኩዌከር የተባለው የክርስትና ማኅበር አባል ስለ ነበር ልጁ በዚያው ማኅበር ትምህርት ቤት ተማረ፤ ከዚያም በአባቱ መደብር ሙያውን እየለመደ በሮያል ኢንስቲትዩሽን የኬሚስትሪ ትምህርት ይከታተል ጀመር። ልቡ ግን ሥዕልም ይወድ ነበር። ከታወቀው የእንስሳት ሠዓሊ ከኤድዊን ላንድሲር ጋር የጠበቀ ወዳጅነት ነበረው፤ ላንድሲር በ1839 ከሣላቸው ሁለት ውሾች ትልቁ፣ ግራፍተን የተባለው፣ የቤል ውሻ ነው።

የሕይወቱን አቅጣጫ የለወጠው በ1841 ቤንጃሚን ሆውስ ለእንደራሴዎች ምክር ቤት ያቀረበው ረቂቅ ሕግ ነው። በረቂቁ መሠረት መድኃኒት ሻጩ ለደንበኛው ጥቂት ምክር ቢሰጥ እንኳ እንደ ሐኪም ሊቆጠርና በሐኪሞች ሊፈተን ነበር። መድኃኒት ሻጮቹ ደነገጡ። ቤል የሙያ ጓደኞቹን ኦክስፎርድ ጎዳና ወዳለው ቤቱ ሻይ ጠርቶ መከረ፤ ኤፕሪል 15 ቀን 1841 ደግሞ ክራውን ኤንድ አንከር በተባለው ቤት በተደረገው ስብሰባ የታላቋ ብሪታንያ የፋርማሲ ማኅበር ተመሠረተ። ዊልያም አለን የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ።

በጉዳዩ ውስጥ የንግድ ጥቅም አልነበረበትም ማለት አይቻልም። ቤል ግን ረቂቁን በማክሸፍ ብቻ አልረካም። ሐኪሞቹ መድኃኒት ሻጩን ያልተማረ ነው ብለው ሲወቅሱት ብዙ ጊዜ እውነት እንደሚናገሩ ያውቅ ነበር። ስለዚህ ማኅበሩ በ1842 ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በ1843 ከዘውድ ቻርተር ተሰጠው። ቤል በ1841 በራሱ ገንዘብ ያቋቋመውን የፋርማሲ መጽሔትም እስከ ዕለተ ሞቱ አዘጋጀ። ሆኖም ፈተናው በፈቃደኝነት ብቻ የሚወሰድ ነበር፤ ያልተፈተነው ሰው ከተፈተነው ሰው ፊት ለፊት መደብር ከፍቶ ያንኑ መርዝ ቢሸጥ የሚከለክለው አልነበረም።

ይህን ለመለወጥ ቤል በዲሴምበር 1850 የሴንት ኦልባንስ ከተማ እንደራሴ ሆኖ ተመረጠ። ምርጫው ንጹሕ አልነበረም። ለእርሱ ወገን ድምፅ ማግኛ ብዙ ገንዘብ መታደሉ በምርመራ ተገለጠ፤ ከተማዋም በ1852 እንደራሴ የመምረጥ መብቷን ተነጠቀች። ሙያውን ከተራ ሸቀጥ ነጋዴነት ለማውጣት የተነሣው ሰው ምክር ቤት የገባው በተገዛ ድምፅ መሆኑ በታሪኩ ላይ የቀረ ጥቁር ነጥብ ነው።

በ1851 ምክር ቤቱ የአርሴኒክን ሕግ አወጣ። ሻጩ የገዢውን ስም፣ አድራሻና ሥራ፣ የሸጠውን መጠንና የሚውልበትን ጉዳይ በመዝገብ ጽፎ ያስፈርም ነበር፤ ለማያውቀው ሰው ያለ ምስክር አይሸጥም። ነጩ ዱቄት ከስኳርና ከዱቄት ጋር እንዳይምታታ በጥላሸት ወይም በኢንዲጎ ይቀለም ነበር። ዛሬ በየመድኃኒት ቤቱ ተቆልፎ የሚቀመጠውን መዝገብ የሚያውቅ ባለሙያ የአሠራሩን ዘር እዚህ ያገኘዋል። ሕጉ አንድ ነገር ግን አልነካም፤ ይኸውም ሻጩ ማን ይሁን የሚለውን ነው።

ቤል የራሱን ረቂቅ ያቀረበው ይህን ጉድለት ለመሙላት ነበር። ሳይፈተንና ሳይመዘገብ ማንም በሙያው እንዳይሠራ ጠየቀ። ምክር ቤቱ ግን ብቸኛ የንግድ መብት መስጠት ይሆናል ብሎ ስለ ፈራ ረቂቁን ሸራረፈው። በ1852 የጸደቀው የፋርማሲ ሕግ የጠበቀው ስሙን ብቻ ነው፤ ያልተመዘገበ ሰው የፋርማሲ ባለሙያ ነኝ ብሎ መጻፍ ተከለከለ፣ መድኃኒት መቀመምና መርዝ መሸጥ ግን እንደ ቀድሞው ተፈቀደለት።

የዚህ ዋጋ በ1858 መኸር ብራድፎርድ ከተማ ውስጥ ታየ። አንድ ከረሜላ ሠሪ ስኳር ለመቆጠብ ጀሶ ይቀላቅል ነበርና ጀሶውን ለማምጣት ወደ መድኃኒት ሻጭ ሰው ላከ። ባለቤቱ ታሞ ተኝቶ ስለ ነበር ረዳቱ ከበርሜል ሰፍሮ ሰጠ፤ የሰፈረው ግን አርሴኒክ ነበር። በገበያ የተሸጠው የናና ከረሜላ 20 ያህል ሰዎች ገደለ፤ ከ200 በላይ ታመሙ። መዝገቡም፣ ምስክሩም፣ ቀለሙም እዚህ ላይ አልረዱም፤ ምክንያቱም ሻጩ ራሱ የሚሸጠው መርዝ መሆኑን አላወቀም። ቤል ለ17 ዓመት ሲደክምለት የነበረው ክርክር በዚህ ዓይነት ተመሰከረ።

እርሱ ግን የፍሬውን ጊዜ አላየም። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት እንደ ነበረ በጉሮሮ በሽታ ተይዞ ጁን 12 ቀን 1859 በተንብሪጅ ዌልስ በ49 ዓመቱ ሞተ። ሥዕሎቹን ለሕዝብ ተናዘዘ፤ 1,500 ፓውንድ ከፍሎ ያሣለው የፍሪዝ የደርቢ ቀን ሥዕል ከነዚህ አንዱ ነው።

ከሞተ ከ9 ዓመት በኋላ የወጣው የ1868 የፋርማሲ ሕግ በዝርዝር የተጠቀሱትን መርዞች መሸጥ ለተመዘገቡት ብቻ ፈቀደ። ለመመዝገብም አዲስ ገቢ ሁሉ በማኅበሩ ፈታኞች ፊት መቅረብ ግድ ሆነበት። ኦፒየም ከዝርዝሩ እንዲወጣ የተከራከሩት ሻጮቹ ራሳቸው ነበሩ፤ ገበያቸው ነበርና። በመጨረሻ ቀለል ያለ ቁጥጥር በሚደረግበት ክፍል ገባ፤ ብልቃጡ ላይ የመድኃኒቱ ስም፣ መርዝ የሚል ቃልና የሻጩ አድራሻ እንዲለጠፍ ተደረገ። ባለ ልዩ ፈቃድ የንግድ መድኃኒቶች ግን፣ ኦፒየም ቢኖርባቸውም፣ ከሕጉ ውጭ ቀሩ። ኮኬይን ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዳይሰጥ የታዘዘው በ1916፣ በጦርነቱ ጊዜ ነው፤ ሞርፊንን የመሳሰሉት በቋሚ ሕግ የተያዙትም በ1920 ነው። ማዘዣውን ተቀብሎ መድኃኒቱን እንዲያድልና በመዝገብ እንዲጽፍ ሕጉ ሥልጣን የሰጠውም ተፈትኖ ለተመዘገበው የፋርማሲ ባለሙያ ነበር።