ከመቅደላ የተረፈው ሕፃን
የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሕይወትና የድንገተኛ ሕክምና ጥያቄ

ያደግሁት ኮን ነው። ኮን የዋድላ ወረዳ ከተማ ስትሆን ከወልድያ በጋሸና አድርጎ ወደ ደብረ ታቦር የሚዘልቀው የቻይና መንገድ ያልፍባታል። ልጆች ሆነን መንገድ ዳር ስንጫወት፣ ከገጠር ቀበሌ ሕመምተኛ በቃሬዛ ተሸክመው የሚመጡ ሰዎች እናይ ነበር። ምጥ የጠናባት ሴት፣ ከገደል የወደቀ እረኛ፣ በዱላ የተፈነከተ ጎልማሳ ያልመጣ የለም።

ታዲያ ቃሬዛ ሸክሙን የሚቀባበል ብዙ ሰው ይፈልጋል። ዘመድና ጎረቤት የሞላው ቶሎ ይደርሳል። ወገን የሌላት አሮጊት ግን ሰው እስኪሰበሰብላት ይመሽባታል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አትመጣም። ያኔ ልብ አላልኩትም ነበር። አሁን ሳስበው ግን ድንገተኛ ሕክምና ሐኪሙ ዘንድ ከመደረሱ በፊት የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ፣ ከተዳነ በኋላም የሚጠየቅ ሌላ ጥያቄ አለው። የወደቀውን ማን ያነሣዋል? ሲድንስ ወዴት ይመለሳል?

ለነዚህ ጥያቄዎች መልስ ስፈልግ ያገኘሁት የአንድ ሰው ሕይወት ነው። እኚህ ሰው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው፤ በዘመናዊ ሕክምና ሠልጥነው ሐኪም ለመሆን የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ። (በጽሑፉ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

በዋድላ ያለፈው ሕፃን

ነገሩ የሚጀምረው ከእኛው አገር ነው። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፋቸውን እያስጎተቱ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ የተጓዙት በዋድላና በደላንታ በኩል ነበር። የጂዳን ገደል ያስጠረጉት መንገድ ለጠላትም አገለገለ፤ የጄኔራል ናፒየር ጦር ተከትሎ ወረደበት። ሚያዝያ 3 ቀን ከመቅደላ ሥር እሮጌ ላይ በተደረገው ውጊያ ከኢትዮጵያውያን 700 ያህል ሞተው 1,200 ያህል እንደቆሰሉ ይነገራል። ሚያዝያ 6 ቀን ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሠዉ፤ አምባውም ተያዘ።

በዚያ ሁሉ ትርምስ መሀል ከቤተሰቡ የተለየ፣ የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ተገኘ። ጎንደር የተወለደው ወርቅነህ ነው። ቻምበርሌን የሚባል የእንግሊዝ ኮሎኔል ወሰደው። ጦሩ ወደ ዙላ የተመለሰው በመጣበት መንገድ ስለነበር፣ እኔ የተጫወትኩበትን ደጋ ያ ሕፃንም ተሻግሮታል ማለት ነው። ያነሡት ሰዎች ጦርነቱን ይዘው የመጡት ራሳቸው ናቸውና፣ ማዳን ነው ወይስ ነጠቃ ብሎ መከራከር ይቻላል። እኔ ሁለቱም ይመስለኛል።

ሕፃኑ ሕንድ አገር ከደረሰ በኋላ ቻምበርሌን ሞተ። እዚህ ላይ ነገሩ ሊያከትም ይችል ነበር። ነገር ግን ኮሎኔል ማርቲን የሚባል ሌላ መኮንን የትምህርቱን ወጪ ቻለ። ልጁም ቻርልስ ማርቲን ተባለ፤ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረና በላሆር የሕክምና ኮሌጅ ገብቶ በአሥራዎቹ ዕድሜ መጨረሻ ተመረቀ። በኋላ ስኮትላንድ ሄዶ ዕውቀቱን አዳበረ፤ በርማም በመንግሥት ሐኪምነት ተመደበ።

ከመቅደላ የተወሰደ ሌላም ልጅ እንደነበር እናውቃለን፤ ልዑል ዓለማየሁ። እሱ ንግሥቲቱ ድረስ የሚያውቁት ልጅ ነበር፤ ሆኖም በባዕድ አገር በ18 ዓመቱ አረፈ። ሁለቱም ከእሳቱ ወጥተዋል። ከእሳት መውጣት ብቻውን ግን ሕይወትን እንደማይሞላ የሁለቱ ዕጣ ያሳየናል።

ድንኳኑ

የአድዋ ድል በ1888 ዓ.ም. በዓለም ሲወራ ሐኪሙ በርማ ሆነው ሰሙ። አገራቸውን ለማየት ልባቸው ተነሣ፤ በ1890ዎቹ መጀመሪያም አዲስ አበባ ገቡ። አማርኛ አይችሉም፤ የትውልድ ስማቸውንም አያውቁም። ከመቅደላ የጠፋ ልጅ ሐኪም ሆኖ መጣ የሚለው ወሬ ሲናፈስ አያታቸው መጡ። ልጁ በሕፃንነቱ የነበረበትን ጠባሳ አይተው ለዩአቸው። የገዛ ስማቸው ወርቅነህ መሆኑን የሰሙት ያን ጊዜ ነው።

እስኪ አስቡት፤ ያ የቁስል ምልክት የማንነት ወረቀት ሆነ። ዛሬም ድንገተኛ ክፍል ራሱን ስቶ የገባ፣ ስሙ የማይታወቅ፣ ጠያቂ የሌለው ሰው አለ። እሱን ማከም ከመድኃኒቱ ሌላ ወገኑን ማፈላለግንም ይጠይቃል። የሐኪም ወርቅነህ ታሪክ ይህን ከማንም በላይ ያስረዳል።

ያኔ አዲስ አበባ ገና የድንኳንና የጎጆ ከተማ ነበረች። ከአድዋ በኋላ የመጡት የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ሕክምና ይሰጡ ነበር፤ ከሕዝቡ ብዛት አንጻር ግን የባሕር ጠብታ ነው። ሐኪም ወርቅነህ ድንኳን ተክለው ለመጣው ሁሉ ያለ ክፍያ ማከም ጀመሩ። በነፃ የሚታከምበት ደጅ ሲከፈት ደግሞ አስቀድሞ የሚመጣው ሌላ በር የሌለው ሰው ነው። ዛሬም የድንገተኛ ክፍል ወረፋ ያንኑ ይመስላል።

ከዚያ በኋላ በርማና ኢትዮጵያ ተመላለሱ። በ1900 ዓ.ም. አካባቢ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው መጥተው ዐፄ ምኒልክንም አክመዋል። ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉን አግብተው ብዙ ልጆች ወለዱ። ጡረታ ሲወጡም ጠቅልለው አገራቸው ገቡ።

ከቁስሉ ወደ ምክንያቱ

እኔን በጣም የገረመኝ ከዚህ በኋላ የሠሩት ነው። በደንብ የሚከፈለው የመኳንንት ሐኪም ሆነው መኖር ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን የፍልውሃን መታጠቢያ አስተዳደሩ፤ ሚያዝያ 1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በበላይነት መሩ፤ የዓለም ጂኦግራፊ መጽሐፍ በአማርኛ ጻፉ። የባሪያ ነፃነት አዋጅ በ1916 ዓ.ም. ከወጣ በኋላም ነፃ ለወጡት ልጆች የሚሆን ትምህርት ቤት አቋቋሙ።

ይህ የመጨረሻው ሥራ በተለይ ሊታሰብበት ይገባል። አዋጅ እንደ ድንገተኛ ሕክምና ነው፤ ደሙን ያቆማል። ነፃ የወጣው ሰው ግን ቤት የለው፣ ዘመድ የለው፣ መሬት የለው፤ በማግስቱ ከመንገድ ላይ ይወድቃል። በሦስት ዓመቱ ከቤተሰቡ ተነጥቆ የሰው እጅ ያሳደገው ሰው ይህን ሳይረዳው አይቀርም። በ1922 ዓ.ም. ገደማ የጨርጨር ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪ ሲቀመጡም መንገድና ከተማ በመሥራት ነበር ጊዜያቸውን ያጠፉት።

ያላዳኗቸው ልጆች

በ1927 ዓ.ም. በሎንዶን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የተመሠረተውም በዚያው ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ነው። ጣሊያን ሲወር አዛውንቱ ሐኪም የእንግሊዝን ሕዝብ ለአገራቸው እርዳታ ሲለምኑ ከረሙ። ከእንግሊዝ የመጣው የዶክተር ሜሊ የአምቡላንስ ቡድን የካቲት 1928 ዓ.ም. በቆረም አካባቢ በአውሮፕላን ቦምብ ተመታ። ሜሊም ጠላት አዲስ አበባ ሊገባ ሲቃረብ፣ ከመንገድ ላይ ቁስለኛ ሲያነሡ በጥይት ተመተው ሞቱ።

የሐኪም ወርቅነህ ሁለት ልጆች፣ ዮሴፍና ብንያም፣ ከእንግሊዝ ተመልሰው የጥቁር አንበሳን የአርበኞች ማኅበር ተቀላቀሉ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ፋሺስቶች ገደሏቸው። ሰው ያነሣው ሕፃን የራሱን ልጆች የሚያነሣበት ዕድል አላገኘም። አባትየው በ1934 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በ1945 ዓ.ም. መጀመሪያም በአዲስ አበባ አረፉ።

ለእኛ የሚተርፈው

የጥቁር አንበሳ ስም ዛሬ የትልቁ ሆስፒታላችን መጠሪያ ነው። የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች የሠለጠኑት በዚሁ ሆስፒታል ነው። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ በሰሜን ወሎ ሲያልፍ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈው ወድመዋልና፣ ለእኛ አካባቢ ሰው ግን ቃሬዛው አሁንም ከቤቱ ጥግ አልራቀም።

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች የአደጋ ዜና ስንጽፍ የሞተና የቆሰለ ቁጥር ሰጥተን፣ ቁስለኞቹ ሆስፒታል ተወስደው በመረዳት ላይ ናቸው ብለን እንዘጋለን። መምህሮቻችንም ዜናው ተሟላ ይሉናል። እኔ ግን ከሐኪም ወርቅነህ ሕይወት በኋላ እንደዚያ መዝጋት ከብዶኛል። የመቅደላን ዜና የጻፈ ሰው የቆሰሉትን ቆጥሮ ቢጨርስ፣ ከመካከላቸው አንድ ሕፃን እንዳለ አያውቅም ነበር። እስኪ ከሳምንት በኋላ እንመለስና ማን አነሣው፣ ጠያቂስ አለው ወይ፣ ሲወጣስ የት ገባ ብለን እንጠይቅ። ያቺ ወገን የሌላት አሮጊትም ያን ጊዜ ዜና ውስጥ ትገባ ይሆናል።

ቸር ይግጠመን።