የካርል ፍሬድሪክ ጋውስ የሕይወት ታሪክና የስሕተት ሕግ

አንድን ነገር ደጋግሞ የለካ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ይኸውም ልኩ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እየተለዋወጠ መውጣቱ ነው። እኛም የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች በፊዚክስ ትምህርት የፔንዱለምን ውዝዋዜ ስንለካ ይኸው ደርሶብናል። አሥር ጊዜ ለክተን አሥር ልዩ ልዩ ቁጥር ባገኘን ጊዜ፥ ከሌሎቹ የራቀውን በላጲስ አጥፍቼ የሚያምረውን ብቻ ልጽፍ ቃጥቶኝ ነበር። በኋላ ግን የአንድ ሊቅ ታሪክ ሳነብ ሐሳቤ ስለተለወጠ፥ ያነበብሁትን በዚህ የበዓል መጽሔት ለጓደኞቼ ላቀርብ ወደድሁ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ካርል ፍሬድሪክ ጋውስ በጀርመን አገር በብራውንሽቫይግ ከተማ በ1777 ዓ.ም. ተወለደ። አባቱ በግንብ ሥራና በአትክልተኝነት የሚተዳደር ድኻ ሰው ነበር። እናቱ ዶሮቴያ በቂ ትምህርት ያላገኘች ስለ ነበረች የልጇን የልደት ቀን አልጻፈችም፤ የምታስታውሰው ከዕርገት በዓል 8 ቀን ቀደም ብሎ በዋለ ረቡዕ መውለዷን ብቻ ነበር። ልጁ አድጎ በሒሳብ ሲመረምረው ቀኑ አፕሪል 30 ሆኖ ተገኘ። በ1800 ዓ.ም. ደግሞ የፋሲካን ቀን በማንኛውም ዓመት ለማወቅ የሚያስችል ስሌት አሳተመ። ይህ ዓይነት ሥራ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም፤ የአገራችን ሊቃውንት ከብዙ ዘመን ጀምሮ በባሕረ ሐሳብ በዓላትንና አጽዋማትን ሲያወጡ ኖረዋልና።

ጋውስ ገና ሕፃን ሳለ መምህሩ ከ1 እስከ 100 ያሉትን ቁጥሮች እንዲደምሩ ተማሪዎችን ባዘዙ ጊዜ፥ እሱ ወዲያውኑ 5050 ብሎ ጽፎ እንዳስረከበ ይተረካል። ታሪኩ ሲነገር የተጨመረበት ነገር ሊኖር ይችላል፤ ነገር ግን የልጁ ችሎታ እውነት ነበር። የብራውንሽቫይግ መስፍን ካርል ቪልሄልም ፈርዲናንድ ዝናውን ሰምተው ከ14 ዓመቱ ጀምሮ የትምህርቱን ወጪ ቻሉለት። እንዲህ ያለ ረዳት ባያገኝ ኖሮ የአባቱን ሙያ ይዞ ይቀር ነበር ብሎ መገመት ይቻላል። በ1795 ዓ.ም. ወደ ጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ገባ።

ስሙን በአውሮፓ ሁሉ ያስጠራው ግን የጠፋ ኮከብ ፍለጋ ነው። በ1801 ዓ.ም. በመጀመሪያው ቀን፥ በሲሲሊ ደሴት በፓሌርሞ ከተማ ጁዜፔ ፒያሲ የተባለው የሥነ ፈለክ ሊቅ አንድ አዲስ ነገር በሰማይ ላይ አየ። ይህችም ሴሬስ ተብላ የተሰየመችው፥ ዛሬ ከድንክ ፕላኔቶች የምትቈጠረው ናት። ፒያሲ 41 ቀን ያህል ከተከታተላት በኋላ ታመመ፤ ሴሬስም ወደ ፀሐይ ብርሃን ገብታ ተሰወረች። ፀሐይን ለመዞር ከአራት ዓመት ተኩል በላይ ስለሚፈጅባት፥ የታየችው የመንገዷ ከ40 አንድ እጅ ያህል ብቻ ነበር። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ልኬት ጥቂት ስሕተት አለበት። ከጥቂት ነጥቦች፥ ያውም ከተሳሳቱ ነጥቦች፥ ረጅሙን መንገድ ማግኘት የማይቻል ይመስል ነበር። የ24 ዓመቱ ጋውስ ግን ስሌቱን ሠርቶ የምትገኝበትን ስፍራ ነገረ። በዓመቱ መጨረሻ ቀን ፎን ጻኽ፥ በማግሥቱም ኦልበርስ በየበኩላቸው እሱ ካመለከተው ስፍራ አጠገብ አገኟት።

ጋውስ የስሕተትን ነገር የመረመረበትን መጽሐፍ በ1809 ዓ.ም. በላቲን ቋንቋ አሳተመ። ሐሳቡን በቀላሉ እንዲህ ልንረዳው እንችላለን። አንደኛ፥ ትንሽ ስሕተት ብዙ ጊዜ ይደርሳል፥ ትልቅ ስሕተት ግን ጥቂት ጊዜ ነው። ሁለተኛ፥ ማብዛትና ማሳነስ እኩል ይሆናሉ። ሦስተኛ፥ በእኩል ጥንቃቄ ከተገኙ ልኮች ይልቁን የሚታመነው አማካዩ ነው። ከእነዚህ ተነሥቶ የስሕተቶች አደራደር በሥዕል ሲገለጥ የደወል ቅርጽ እንደሚኖረው አሳየ፤ ይኸውም መካከሉ ከፍ ያለ፥ ግራና ቀኙ እኩል እየወረደ የሚሄድ መስመር ነው። ዛሬ በትምህርታችን ኖርማል ዲስትሪቢዩሽን የምንለው ይህ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ጠረጴዛ አምስት ጊዜ ተለክቶ 118፥ 120፥ 120፥ 121 እና 121 ሳንቲ ሜትር ቢወጣ፥ አማካዩ 120 ነው። ከ120 ያለው የእያንዳንዱ ልዩነት በራሱ ተባዝቶ ሲደመር 6 ይሆናል። በ120 ፈንታ 121ን ብንመርጥ ድምሩ 11 ይደርሳል። ስለዚህ የካሬዎቹን ድምር ከሁሉ የሚያሳንሰው አማካዩ ነው፤ ጋውስም የኮከቦችን መንገድ የሚመርጥበት ደንብ ይኸው ነበር። ደግሞ ልኩ ብዙ መቶ ጊዜ ቢደጋገምና ስታንዳርድ ዲቪዬሽን የሚባለው የመራቅ ልክ 2 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፥ ከ100 ልኮች 68 ያህሉ ከ118 እስከ 122፥ 95 ያህሉም ከ116 እስከ 124 ይውላሉ። ከ114 በታች ወይም ከ126 በላይ የሚወጣው ከ1000 ሦስት ያህል ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ክብሩ ሁሉ የእሱ ብቻ አይደለም። መስመሩን አስቀድሞ በ1733 ዓ.ም. ያገኘው በሎንዶን በስደት ይኖር የነበረው ፈረንሳዊው አብርሃም ደ ሙዋቭር ነው፤ እሱም የደረሰበት ሳንቲም ሲወረወር የሚወጣውን ዕድል በመቍጠር ነበር። የካሬዎችን ደንብ ደግሞ ሌላው ፈረንሳዊ ሌዣንድር በ1805 ዓ.ም. ቀድሞ አሳተመ፤ ጋውስ ከ1795 ዓ.ም. ጀምሮ እጠቀምበት ነበር ባለ ጊዜም እጅግ ተቀየመ። ላፕላስ በ1810 ዓ.ም. መስመሩ ለምን እንደሚከሠት አብራራ፤ ይኸውም አንዱ ሌላውን የማይጫን ብዙ ጥቃቅን ምክንያት ሲደመር ነው። እንዲህ ባልሆነበት ስፍራ መስመሩ አይሠራም። የአንድ ከተማ ሰዎች ሀብት ቢመረመር ብዙው ጥቂት፥ ጥቂቱ እጅግ ብዙ ስላለው ደወል አይወጣውም። የክፍል ማርክም ደወል ባይመስል፥ መምህሩ ወይም ተማሪው አጥፍቷል ለማለት አያስደፍርም።

መጽሐፉ የታተመበት ዓመት ለጋውስ የኀዘን ዓመት ሆነ። ረዳቱ መስፍን በ1806 ዓ.ም. በጦርነት ቆስለው ሞተው ነበር፤ በ1809 ዓ.ም. ደግሞ የሚወዳት ሚስቱ ዮሐና ከወሊድ በኋላ ዐረፈች፥ የወለደችውም ሕፃን ብዙ ሳይቆይ ተከተላት። ጋውስ ኀዘኑ ቢጸናበትም የጎቲንገንን የከዋክብት መመልከቻ ሥራ አልተወም። ከ1821 ዓ.ም. ጀምሮ የሐኖቨርን ምድር በተራራና በጫካ እየዞረ ለካ፤ የልኬቱንም ስሕተት በዚያው ደንብ አስተካከለ። በ1823 ዓ.ም. የደንቡን መሠረት እንደ ገና መርምሮ፥ ስሕተቶቹ የግድ የደወል ቅርጽ እንዲይዙ የማያስፈልገው ሌላ ማስረጃ ሰጠ። አንድ ጊዜ ባሳተመው ሥራ ረክቶ አለመቀመጡ በጣም ያስደንቃል። እናቱንም በ1817 ዓ.ም. ወደ ቤቱ ወስዶ እስከ ሞተችበት እስከ 1839 ዓ.ም. ጦራት። በእርጅናው የዩኒቨርሲቲውን መምህራን ባልቴቶች የሚረዳውን ገንዘብ በስሌት መረመረ።

ጋውስ በፌብሩዋሪ 23 ቀን 1855 ዓ.ም. በ77 ዓመቱ በጎቲንገን ዐረፈ። ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ ዩሮ እስኪተካው ድረስ፥ በጀርመን የ10 ማርክ ብር ላይ ምስሉና የደወሉ መስመር ታትመው ይታዩ ነበር።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፥ ጋውስ ሴሬስን ያገኘው የፒያሲን ልኮች ፍጹም አድርጎ በመቍጠር አይደለም፤ ስሕተት እንዳለባቸው ዐውቆ፥ ስሕተቱን በልኩ በመመዘን ነው። እኔም የፔንዱለሙን አሥር ቁጥር፥ የራቀውንም ጭምር፥ በደብተሬ ጻፍሁ። አማካዩን ሳወጣ ቁጥሩ ከጓደኞቼ ያነሰ ውበት ነበረው፤ ነገር ግን የለካሁት እሱን ነበር።