እንግዳ ሆነው የመጡት አቡነ ማስያስ



ከባሕር ማዶ የሚመጡ የእምነት ወንድሞችና እኅቶች ዛሬ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወርደው ብዙም ሳይቆዩ በገርጂ ወይም በኮተቤ ከምእመናን ጋር ለጸሎት ይቆማሉ። እኛም ዳቦ ቆርሰን ቡና አፍልተን በደስታ እንቀበላቸዋለን። እንግዶቹ ከተሸኙ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ በልባችን ይቀራል፤ እንግዳውና ባለቤቱ አንዳቸው ከሌላው ምን ተቀበሉ? ስለዚህ የአቡነ ማስያስን ሕይወት ማስታወስ መልካም መስሎ ታየን።

ጉልየልሞ ማሳያ በ1809 በሰሜን ኢጣልያ፣ በአስቲ አካባቢ ፒዮቫ በምትባል መንደር ተወለዱ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1826 ወደ ካፑቺን ማኅበር ገቡ። ከክህነት በኋላ በቶሪኖ ከተማ በሆስፒታል የሕሙማን ነፍስ አባት ሆነው ሲያገለግሉ ስለ ሕክምና ብዙ ተማሩ። በ1846 ለኦሮሞ ሕዝብ ሐዋርያዊ እንደራሴ ሆነው በጵጵስና ተቀቡ፤ በዚያው ዓመት ከጥቂት ጓደኞቻቸው ጋር ምጽዋ ደረሱ።

በኢትዮጵያ ምድር የተቀበላቸው በአዲግራት አጠገብ በጓላ የነበረው የቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ማኅበር ነው። በዚያም አንድ የአገራቸው ልጅ የኢትዮጵያን ልብስ ለብሶ፣ የኢትዮጵያን ምግብ እየበላ፣ ከአገሩ መነኮሳትና ደቀ መዛሙርት ጋር በአንድ ቤት ሲኖር አዩ። ደ ያቆቢስ ገና ጳጳስ ስላልነበሩ ደቀ መዛሙርታቸው ክህነት የሚሰጣቸው አባት ይጠብቁ ነበር፤ እንግዳው ጳጳስ ያን ሰጧቸው። በ1849 ደግሞ በምጽዋ፣ በጭንቅ ጊዜ፣ ደ ያቆቢስን ራሳቸውን በጵጵስና ቀቧቸው። ባለቤቱ ቤቱንና ልምዱን ሰጠ፤ እንግዳው ደግሞ በዚያ ቤት የጎደለውን ሞላ።

ወደ ተላኩበት ሕዝብ ለመድረስ ግን ስድስት ዓመት ፈጀባቸው። መንገዱ ሁሉ ቢዘጋባቸው ነጋዴ መስለው በሱዳን በኩል ዞሩና በ1852 ጉዱሩ ገቡ። ከዚያም እስከ ከፋ ዘለቁ። በሆስፒታል የተማሩት በዚህ ጊዜ ጠቀማቸው፤ ፈንጣጣን የሚከላከል ክትባት ስለሰጡ ሕዝቡ አባ ፈንጣጣ ብሎ ሰየማቸው። ቋንቋውንም ተማሩ፤ ከእርሳቸው በኋላ ለሚመጡ መልእክተኞች የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው አዘጋጅተው በ1867 በፓሪስ አሳተሙ።

በ1868 ሸዋ ሲደርሱ ንጉሥ ምኒልክ በልቼ ተቀበሏቸው። እርሳቸው ወደ ደቡብ ማለፍ ቢሹም ንጉሡ አማካሪ አድርገው አስቀሯቸው፤ በፊንፊኔም የመልእክቱ ቤት ተተከለ። አዲስ አበባ ገና አልተመሠረተችም ነበር። እንግዲህ የዛሬዋ ከተማችን ከመቆርቆሯ አስቀድሞ በዚህ ምድር እንግዳን የተቀበለ ሕዝብ ነበረ ማለት ነው። በ1879 ግን በአፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ከአገር ወጡ። የቀረውን መንጋ ከጠበቁት መካከል እርሳቸው አስተምረው ክህነት የሰጧቸው የአገር ልጆች ነበሩ።

ከዚህ ጋር ልንሸሽገው የማይገባ ነገር አለ። አቡነ ማስያስ በስተርጅና በጻፉት ሰፊ የትዝታ መጽሐፍ ስለ አገሩ ካህናትና ልማድ የሰጡት ፍርድ በየቦታው የከረረ ነው። ይህን ያህል ዘመን በእንግድነት የኖረ፣ ይህን ያህል የተወደደ አባት እንኳ አስተናጋጁን ሁሉ አልተረዳም። እንግዲያስ ለአንድ ሳምንት የመጣ ሰው ምን ያህል ሊጠነቀቅ ይገባው ይሆን?

በ1884 ካርዲናል ሆኑ፤ በ1889 በኔፕልስ አጠገብ ዐረፉ። በ2016 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ የተጋድሏቸውን ብርታት የሚመሰክር ውሳኔ አጸደቁላቸው፤ ይህም ወደ ብፅዕና በሚወስደው መንገድ አንድ እርምጃ ነው።

እናንተ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ እንግዶች ወደ ቁምስናችሁ ሲመጡ ስጦታቸውን ከመቀበላችሁ በፊት በልጆች ጉባኤ መካከል አስቀምጣችሁ ዜማችንን አሰሟቸው፤ ሰላምታችንንም በቋንቋችን አስተምሯቸው። እናንተም የጎደላችሁን ሳታፍሩ ንገሯቸው። በጓላ ሁለቱ አባቶች የተረዳዱት እንዲህ ነበርና።