ገበያ በታወከ ጊዜ ያልታወከው ባለባንክ

ገበያ በደራበት ዘመን ነጋዴው ሁሉ አዋቂ ይመስላል። ብልኅና ሞኝ የሚለዩት ዓለም ሲታወክ ነው። ይህንን ለማስረዳት ዛሬ የአሜሪካዊውን ባለባንክ የጆን ፒየርፖንት ሞርጋንን ታሪክ ባጭሩ እንመለከታለን። ዘመኑን የምንቈጥረው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ሞርጋን በ1837 ዓ.ም. በሃርትፎርድ ከተማ ከባለጸጋ ቤት ተወለደ። በስዊስና በጀርመን አገር ተማረ። አባቱ በለንደን የባንክ ሥራ ይሠራ ስለ ነበረ፣ ልጁ የአውሮፓን ገንዘብ ወደ አሜሪካ የምድር ባቡር ሥራ በማዞር ስሙን አስጠራ። በ1901 ዓ.ም. ያቋቋመው የብረት ኩባንያ ካፒታሉ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበረ።

በ1906 ዓ.ም. የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥና በእሳት ጠፋች። የእንግሊዝ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ካሣ ሲከፍሉ ወርቅ ከለንደን ወጣ፤ የእንግሊዝ ባንክም ወለዱን ከፍ አደረገ። በዚህ ምክንያት ገንዘብ በየአገሩ ተወደደ። አሜሪካ ደግሞ በዚያን ጊዜ ማዕከላዊ ባንክ አልነበራትም።

በጥቅምት ወር 1907 ዓ.ም. የአንድ መዳብ ኩባንያን አክሲዮን ጠቅልለው ሊይዙ የሞከሩ ሰዎች ከሰሩ። ወሬው ኒከርቦከር ወደሚባለው የአደራ ገንዘብ ተቀባይ ኩባንያ ተዛመተ። ጥቅምት 22 ቀን ሕዝቡ ገንዘቡን ለማውጣት ተሰለፈ፤ ኩባንያው በሦስት ሰዓት ያህል ስምንት ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ በሩን ዘጋ።

ሞርጋን ያን ጊዜ የ70 ዓመት ሽማግሌ ነበረ። የመጀመሪያ ሥራው ገንዘብ መስጠት አልነበረም፤ መዝገብ ማስመርመር ነበረ። በእርግጥ የከሰረውን፣ ሀብት እያለው ጥሬ ገንዘብ ካጠረው መለየት ፈለገ። ኒከርቦከርን መርምሮ ለመጨረስ ጊዜ ስላልነበረ ሲወድቅ ዝም አለ። ትረስት ካምፓኒ ኦፍ አሜሪካ የተባለው ግን ሀብቱ ከዕዳው እንደሚበልጥ ስለ ታወቀ ረዳው። በማግስቱ የአክሲዮን ገበያው ሊዘጋ ሲል የባንክ አለቆችን ጠርቶ በጥቂት ደቂቃ ከ23 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስዋጣ። ኅዳር 2 ቀን ሌሊት ደግሞ አለቆቹን በመጻሕፍት ቤቱ ሰብስቦ በሩን ቈለፈ፤ ሊነጋጋ ሲል የ25 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈርመው ወጡ።

ይሁን እንጂ ሁሉም አላመሰገነውም። በዚያው ሳምንት የብረት ኩባንያው የቴኔሲን የድንጋይ ከሰልና ብረት ኩባንያ በርካሽ ገዝቷልና፣ በችግር ጊዜ ተጠቀመ የሚል ሐሜት ተነሣ። በ1912 ዓ.ም. በምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ሲጠየቅ፣ የብድር መሠረቱ ከንብረት በፊት የሰው ጠባይ መሆኑን መሰከረ። በመጋቢት ወር 1913 ዓ.ም. በሮማ ከተማ ሞተ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ አሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ የሚያቋቁም ሕግ አወጣች።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። ሒሳቡ የጠራ ነጋዴ በክፉ ቀን ረዳት አያጣም። ነገር ግን የአንድ አገር ገንዘብ በአንድ ሽማግሌ ብልኀትና በጎ ፈቃድ ላይ ሊንጠለጠል አይገባም። ሰው ያልፋል፤ ድርጅትና ሕግ ግን ይቀራሉ። ወደ መንግሥት ሥራ የሚገባ ወጣት ሁሉ ይህንን ማሰብ ይገባዋል እንላለን።