የለንደን የምድር ውስጥ ወንዞች መሐንዲስ፦ ሰር ጆሴፍ ባዛልጄት

እ.ኤ.አ. በ1858 የጁን ወር ሙቀት በበረታ ጊዜ ከቴምዝ ወንዝ የሚነሣው ሽታ የእንግሊዝን ፓርላማ ሥራ አስፈትቶት ነበር። በወንዙ ዳር የተሠራው የምክር ቤቱ ሕንፃ መጋረጃዎች በኖራ ክሎራይድ እየተነከሩ ቢሰቀሉም ሽታውን ሊከለክሉት አልቻሉም። ለሁለት ዓመታት ያህል ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ሲመላለስ የኖረ አንድ ዕቅድ በኦገስት ወር ሕግ ሆኖ የወጣውና ገንዘብ የተፈቀደለት ከዚህ በኋላ ነው። የዕቅዱ ባለቤት የሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ መሐንዲስ ጆሴፍ ዊልያም ባዛልጄት ነበር።

ባዛልጄት ከለንደን በስተ ሰሜን በሚገኘው በኤንፊልድ በማርች 28 ቀን 1819 ተወለደ። ቤተ ሰቡ በአያቱ በኩል ከፈረንሳይ የመጣ ነው። ሙያውን የተማረው በሰር ጆን ማክኔል ሥር በአየርላንድ መሬት በማጠንፈፍ ሥራ ሲሆን፣ ይህ ልምድ ኋላ ምን ያህል እንደ ጠቀመው ሥራው ይመሰክራል። በ1842 በለንደን የራሱን ቢሮ ከፈተ፤ ነገር ግን በምድር ባቡር ግንባታ ጥድፊያ ዘመን ከዐቅሙ በላይ ሠርቶ በ1847 ጤናው ክፉኛ ታወከ። ካገገመ በኋላ በ1849 በከተማይቱ የፍሳሽ ኮሚሽን ተቀጠረ፤ በ1856 ደግሞ አዲስ የተቋቋመው የከተማ ሥራዎች ቦርድ ዋና መሐንዲስ ሆነ።

የገጠመው ችግር እንደሚከተለው ነበር። የለንደን የቀድሞ ቦዮች የተሠሩት ለዝናብ ውኃ ብቻ ነው። እስከ 1815 ድረስ የቤት እዳሪ ወደ እነርሱ እንዳይገባ የተከለከለ ሲሆን፣ በየቤቱ ጉድጓድ እየተጠራቀመ በሌሊት በጋሪ ይወሰድ ነበር። ክልከላው ከተነሣ፣ በውኃ የሚታጠብ መጸዳጃም በየአዲሱ ቤት ከተስፋፋ በኋላ ግን ለጎርፍ የታሰበው ቦይ የሚሊዮኖችን እዳሪ ተሸክሞ በቀጥታ ወደ ቴምዝ መገልበጥ ጀመረ። ከተማይቱ ደግሞ ከዚያው ወንዝ ትጠጣ ነበር።

የባዛልጄት መፍትሔ፣ ወደ ወንዙ የሚወርዱትን ቦዮች ሁሉ በመንገዳቸው ላይ የሚጠልፉ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚዘረጉ ታላላቅ መስመሮችን መገንባት ነው። ርዝመታቸው 132 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ መሬቱ በሚፈቅደው ሁሉ ፍሳሹ በገዛ ክብደቱ እንዲወርድ ተደረገ፤ በዝቅተኛው ስፍራ ግን በክሮስነስና በአቢ ሚልስ የተተከሉ የእንፋሎት ሞተሮች ወደ ላይ ይገፉት ነበር። አንዳንዶቹ መስመሮች የእንቁላል ቅርጽ አላቸው፤ ምክንያቱም የታችኛው ክፍል ጠባብ ሲሆን ውኃው ባነሰ ጊዜም ስለሚፈጥን ደለሉን ጠርጎ ይወስዳል። የፖርትላንድ ሲሚንቶ ገና እምብዛም ባልታመነበት በዚያ ዘመን የሚመጣው ሲሚንቶ ጥንካሬው በፈተና ሳይረጋገጥ ሥራ ላይ እንዳይውል ማድረጉ፣ ከዝናው ሁሉ ይልቅ ሙያውን የሚያስከብር ተግባር ነው።

ስለ ስፋታቸው የሚነገር አንድ ተረት አለ፦ የመስመሮቹን ስፋት አስልቶ ከጨረሰ በኋላ በእጥፍ አሳደገው ይባላል። ታሪኩ ደስ ያሰኛል፤ ሰነዶቹ የሚያሳዩት ግን ጥንቁቅ ስሌት ነው። የሕዝቡ ቁጥር ሦስት ሚሊዮን ባልሞላበት ጊዜ ለ3.45 ሚሊዮን ሰው ዐቀደ፤ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 140 ሊትር ያህል ፍሳሽ፣ በዚህም ላይ በቀን 6 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ጨመረ። ከዚህ የሚበልጥ ዝናብ ሲጥል ትርፉ በቀድሞዎቹ መውረጃዎች ወደ ወንዙ እንዲፈስ መንገድ ተወለት። ሁሉንም ጎርፍ የሚይዝ ቦይ የሚሠራበት ገንዘብ አልነበረምና ምርጫው የግድ ነበር።

እንደ ዘመኑ ሰዎች ሁሉ ባዛልጄትም በሽታ የሚመጣው ከመጥፎ ሽታ እንደ ሆነ ያምን ነበር። ሐኪሙ ጆን ስኖው በ1854 ኮሌራ ከውኃ እንደሚመጣ ቢያሳይም የሰሙት ጥቂቶች ነበሩ። በ1866 ኮሌራ ተመልሶ ከ5,500 በላይ ሰዎችን ሲገድል፣ ሞቱ ያተኮረው አዲሱ መስመር ገና ባልደረሰበት በምሥራቅ ለንደን ነበር። መሐንዲሱ ሽታን ሊያስወግድ የሠራው ሥራ የመጠጥ ውኃን አነጻ፤ ከዚያ በኋላ በለንደን ታላቅ የኮሌራ ወረርሽኝ አልተነሣም።

ይሁን እንጂ ፍሳሹ ሳይጣራ፣ የባሕሩን ውኃ መሸሽ ጠብቆ፣ ከከተማይቱ በስተ ምሥራቅ ወደ ቴምዝ ይለቀቅ ነበር። በሴፕቴምበር 3 ቀን 1878 ፕሪንሰስ አሊስ የተባለች የመንገደኞች መርከብ በዚያው አካባቢ ተጋጭታ ሰጠመች፤ ከ600 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ጥቂት ቀደም ብሎ የተለቀቀው እዳሪ ለብዙዎቹ ሞት ምክንያት ሆኗል የሚል ክስ ተነሣ። በቀጣዩ ዐሥር ዓመት መጨረሻ ዝቃጩን መለየትና በመርከብ ወደ ባሕር መውሰድ ተጀመረ። ይህ ልማድ እስከ 1998 ቆይቷል።

ባዛልጄት በ1875 የሰርነት ማዕረግ ተቀበለ፤ ቦርዱ በፈረሰበት በ1889 ጡረታ ወጣ፤ በማርች 15 ቀን 1891 በዊምብልደን ዐረፈ። በዚያው ዓመት በተደረገው ቆጠራ የለንደን አውራጃ ነዋሪ ከ4 ሚሊዮን አልፎ ነበር። ሜዳዎቹ በቤትና በድንጋይ ንጣፍ ሲሸፈኑ ምድር ይጠጣው የነበረው ዝናብም ወደ መስመሮቹ ይገባ ጀመር፤ ለከባድ ዝናብ ብቻ የተተወው ማስተንፈሻ ቀስ በቀስ በጥቂት ዝናብም የሚከፈት ሆነ። ይህን ትርፍ ፍሳሽ ለመቀበል ከቴምዝ ሥር የተቆፈረው 25 ኪሎ ሜትር ዋሻ ሙሉ በሙሉ የተገናኘው በ2025 ነው።